ክራሩ አንድ ጣት ብቻ ሲሰማ፦ የመልቲተች ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሀዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ልጆች ክራር የሚለማመዱበት አንድ ክፍል አለ። ክራር ለሁሉም ስለማይዳረስ፣ ተራ የሚጠብቁት ልጆች እንዲለማመዱበት በትልቅ ተች ስክሪን ላይ የሚሠራ የክራር ፕሮግራም ጻፍኩላቸው። ክራር ግን ለተች ስክሪን ከባድ ፈተና ነው። ቀኝ እጅ ክሮቹን ይገርፋል። የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ መጮህ የሌለባቸውን ክሮች አፍነው ይይዛሉ። ከግራ አምስት፣ ከቀኝ አንድ፣ በድምሩ ስድስት ጣት በአንዴ ስክሪኑ ላይ ያርፋል። ብዙ ጣትን በአንዴ ማንበብ ነው መልቲተች የሚባለው። አንዱ ከጠፋ ዜማው ይበላሻል። ልጁም ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ኮምፒውተሩ የሚሠራው ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ስለሆነ የማወራው በዋናነት ስለ ሊኑክስ ነው።

መጀመሪያ ጣቱ የት እንደጠፋ እዩ

ጣታችሁ ፕሮግራሙ ጋ እስኪደርስ ሦስት ቦታ ያልፋል። የስክሪኑ ቺፕ ያየዋል፣ የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ድራይቨር፣ ማለትም ስክሪኑን የሚያነጋግረው ኮድ፣ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፣ ከዚያ ፕሮግራሙ ያነበዋል። ኢቪቴስት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ጫኑ። ተርሚናል ላይ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ክፈቱትና ከዝርዝሩ ስክሪናችሁን ምረጡ። ድራይቨሩ የሚለውን ሁሉ መስመር በመስመር ይጽፍላችኋል። እያንዳንዱ መስመር ላይ የኮድ ቁጥር አለ። አራቱን ልመዱ፦ 47 ስሎት ነው፣ 57 የጣቱ መለያ ነው፣ 53 የአግድም ቦታ፣ 54 የቁመት ቦታ። ስሎትን እንደ ታክሲ ወንበር አስቡት። ጣት ሲያርፍ አንዱን ይይዛል፣ እስኪነሳ ድረስ አይለቅም።

ኢቪቴስት ላይ ስድስቱም ጣት ከታየ ችግሩ ከዚያ ወዲህ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የራሳችሁ ፕሮግራም ውስጥ። እዚያም ካልታየ ኮዳችሁን አትነካኩ። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ቀን ሙሉ ደህና የነበረ ኮድ ሳፈርስ ከርሜያለሁ።

ሁለት ጣት አርፎ አንዱ ብቻ ይታያል

ኢቪቴስት ሲከፈት መሣሪያው የሚያውቃቸውን ኮዶች ይዘረዝራል። እዚያ ውስጥ 0፣ 1 እና 330 (የአንድ ጣት አግድም ቦታ፣ ቁመት ቦታና መንካቱ) ብቻ ካሉ፣ 47ና 53 ከሌሉ፣ ድራይቨሩ ስክሪኑን የሚያውቀው ባለ አንድ ጣት አድርጎ ነው። ስክሪኑ በዩኤስቢ የሚሰካና ባለ ብዙ ጣት መሆኑን እርግጠኛ ከሆናችሁ፣ ኤችአይዲ መልቲተች የሚባለው የከርነል ሞጁል መጫኑን አረጋግጡ።

47 እያለ ፕሮግራማችሁ አንድ ጣት ብቻ ካየስ? ማውስ እያነበባችሁ ነው ማለት ነው። መልቲተች ለማያውቁ ፕሮግራሞች ሲባል ድራይቨሩ አንዱን ጣት በ0፣ በ1 እና በ330 ደግሞ ይልከዋል። ዊንዶውስም ተችን ለማያነቡ ፕሮግራሞች ጣትን ወደ ማውስ መልእክት ይቀይራል። መፍትሄው የማውሱን ትቶ የተቹን መልእክት ማንበብ ነው።

አንዱን ጣት ሳነሳ የሌላኛው ክር ይጮኻል

ብዙ ያለፋኝ ይሄኛው ነው። አንዲት ልጅ የመጀመሪያውን ጣቷን ስታነሳ ሦስተኛው ክር ይጮሃል። ደግማ ትሞክራለች፣ ያው ነው። ጣቷ ግን ትክክል ነበር።

ምክንያቱ ጣቶቹን በተራ ቁጥር መያዜ ነበር፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልኩ። አንደኛው ሲነሳ ዝርዝሩ ይጠጋጋል፣ ሁለተኛው የነበረው አንደኛ ይሆናል። ድራይቨሩ እኮ ማን ማን እንደሆነ ነግሮኛል! በስሎትና በ57 መለያ። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። መፍትሄው የእያንዳንዱን ጣት መረጃ በስሎቱ ስር ማስቀመጥ ነው። አንድሮይድ ላይም ያው ወጥመድ አለ። የጣቱ ተራ ቁጥር በየመልእክቱ ሊቀየር ይችላል፣ መለያው ግን ጣቱ እስኪነሳ አይቀየርም። ሁልጊዜ መለያውን ያዙ።

ዝርዝሩ ላይ 53ና 54 እያሉ 47 ከሌለ፣ ድራይቨራችሁ የድሮውን አሠራር ነው የሚከተለው። ሊኑክስ መልቲተችን በ2009 በከርነል 2.6.30 ሲጀምር ስሎት አልነበረም። ድራይቨሩ ያሉትን ጣቶች ቦታ በሙሉ ይደረድራል፣ የቱ የማን እንደሆነ ማዛመዱ ብዙ ጊዜ ለሶፍትዌሩ ይቀር ነበር። ስሎት የመጣው በ2010 በከርነል 2.6.36 ነው። የሁለቱም ሥራ ባለቤት የከርነል ፕሮግራመሩ ሄንሪክ ራይድበርግ ነው። እንዲህ ያለ ድራይቨር ከገጠማችሁ ማዛመዱን ራሳችሁ አትጻፉ። ኤምቲዴቭ የሚባለው ላይብረሪ አሮጌውን ወደ ስሎት ይቀይርላችኋል፣ ሊኑክስ ላይ ተችና ማውስን የሚያነበው ሊብኢንፑትም በእሱ ይጠቀማል።

ጣቱ ሲንሸራተት ቦታው ወደ ዜሮ ይዘላል

ከርነሉ የሚልከው የተለወጠውን ብቻ ነው። ጣቱ በቀጥታ ወደ ጎን ከሄደ 53 ይመጣል፣ 54 አይመጣም። የሚያወራው ስለዚያው ስሎት ከሆነ 47ንም አይደግምም። ያልመጣውን ዜሮ ብላችሁ ከሞላችሁ ጣቱ ወደ ስክሪኑ ጥግ ይዘላል። ለእያንዳንዱ ስሎት የመጨረሻውን ዋጋ አስታውሱ። እርምጃ የምትወስዱት ደግሞ ሲን ሪፖርት የሚለው መስመር ሲመጣ ነው፤ አንድ ዙር አለቀ ማለት ነው።

ሁሉም ጣት ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ግን ሌላ ነገር ነው። 53ና 54 ፒክስል አይደሉም። ኢቪቴስት ዝርዝሩ ላይ ትልቁንና ትንሹን ዋጋ ያሳያችኋል፤ ከዚያ ወደ ስክሪናችሁ ስፋት አስሉት።

ማንም ሳይነካው ክሩ ታፍኖ ይቀራል

ጣት ሲነሳ በስሎቱ ላይ 57 ከ-1 ጋር ይመጣል። ፕሮግራሙ ይህቺን መስመር ካጣ ጣቱ ለዘላለም እዚያው እንዳለ ያስባል። እኔ ጋ የጠፋችው የድምፅ ፋይሎቹን የሚጭነውና ተቹን የሚያነበው አንድ ስለነበሩ ነው። ፋይል ሲጭን ማንበቡ ይዘገያል፣ የከርነሉ ማቆያ ይሞላል፣ ከርነሉም ሲን ድሮፕድ ብሎ መልእክት መጣሉን ይናገራል። እኔ ያንን መስመር ዘልዬው ነበር።

ሲን ድሮፕድ ሲመጣ እስከ ቀጣዩ ሲን ሪፖርት ያለውን ሁሉ ጣሉት። ከዚያ የእያንዳንዱን ስሎት የአሁን ሁኔታ ከርነሉን ጠይቁ፤ ለዚህ የተሠራ ጥሪ አለው። ማንበቡንም ለብቻው ክር ስጡት፤ የክራሩን ሳይሆን የፕሮግራሙን፣ ማለትም ከሌላው ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር ማለቴ ነው። አንድሮይድ ላይ ደግሞ ሲስተሙ ንክኪውን ለራሱ ሲወስደው የመሰረዣ መልእክት ይልካል። ብዙ ስልኮች ላይ ሦስት ጣት ወደ ታች መጎተት የስክሪኑን ፎቶ ያነሳል፣ ለክራር ይህ ጣጣ ነው። መሰረዣው ሲመጣ ሁሉንም ጣት እንደተነሳ ቁጠሩት።

ያልነኩት ቦታ ይነካል

ኢቪቴስትን ክፈቱና እጃችሁን አንሱ። ያኔም ቁጥር ከፈሰሰ ድራይቨሩ የሚያወራው ቺፑ የነገረውን ነው። ቻርጀሩን ንቀሉና እዩ። ከቆመ ጥፋቱ ከኤሌክትሪኩ ነው። የእኛ ክፍል ሶኬት የግራውንድ ሽቦ አልነበረውም፣ ቻርጀሩም ርካሽ ነበር። ሁለቱንም ስንቀይር ጠፋ። እርጥብ እጅም እንዲሁ ያደርጋል። ልጆቹ ከሐይቁ ሲመጡ በር ላይ ፎጣ አስቀምጠንላቸዋል።

ሁለት ጣት ያያል፣ ሦስተኛውን አያይም

ዝርዝሩ ላይ የኮድ 47ን ማክስ (ትልቁን ዋጋ) እዩ። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር 9 ማለት አሥር ጣት፣ 1 ማለት ሁለት ጣት ነው። ማክሱ 1 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ድራይቨር ብትቀይሩም ኮድ ብትጽፉም አይጨምርም። አንድ አሮጌ ታብሌት እንዲህ ሆኖብን ጨዋታውን ገለበጥኩት። እዚያ ላይ ማፈን የለም፤ የተነካው ክር ይጮሃል፣ ያልተነካው ዝም ይላል። ትንንሾቹ ልጆች የትዝታን ቅኝት በእሱ ይጀምራሉ፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ስክሪን ያልፋሉ።