ለቀዶ ሕክምና የጭንቅላትና የሰውነት መደገፊያ እንዴት ይሠራል፣ እንዴትስ ይቀመጣል?

ሰመመን የተሰጠው ሰው ክርኑን ቢቆረቁረው አይሰበስበውም፤ ተረከዙ ቢደነዝዝም አይገላበጥም። ነቅቶ ቢሆን ኖሮ አምስት ደቂቃ የማይታገሠውን አተኛኘት ሁለትና ሦስት ሰዓት ዝም ብሎ ይሸከመዋል። እንቅርቱ ወይም የሐሞት ጠጠሩ በደንብ ወጥቶለት ሳለ ትንሿ ጣቱ ደንዝዛ፣ ወይም እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ቀና አልል ብሎት የሚነቃ ታካሚ የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ በአብዛኛው ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው አጥንት ቆዳውን ከጠንካራ ነገር ጋር አጣብቆ ሲይዘውና ደም ሲከለክለው ነው፤ ሁለተኛው ነርቭ ሲለጠጥ ወይም ሲጨፈለቅ ነው። ሁለቱንም መከላከያው የግድ ውድ ዕቃ አይደለም። ፋብሪካ ሠራሽ የጄል መደገፊያ ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ በልኩ የተቆረጠ ጠንካራ ስፖንጅ አብዛኛውን ሥራ ይሠራል። ጎንደር ውስጥ ስፖንጁ ፍራሽ ከሚሸጥበት ይገኛል፤ ልባሱን ደግሞ ሶፋ የሚያለብሱ ባለሙያዎች በግማሽ ቀን ይሰፉታል። ዕቃውን ማንም እጁ የቀና ሰው ሊሠራው ይችላል። ታካሚን ማስተኛት ግን የአንስቴዥያ (ሰመመን ሰጪ) ባለሙያው፣ የነርሶቹና የቀዶ ሐኪሙ የጋራ ሥራ ነው።

ስፖንጁን መምረጥ

ለስላሳ ስፖንጅ በእጅ ሲነኩት ያታልላል። ሱቅ ውስጥ ደስ የሚለው ዓይነት ጭንቅላት ሲያርፍበት ተደፍጥጦ ወረቀት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ታካሚው የተኛው በብረት ላይ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጩን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ በክርናችሁ ክብደታችሁን ጣሉበት። ክርናችሁ ጠረጴዛውን ከነካው ተዉት። ከለቀቃችሁትም በኋላ ጉድጓዱ ወዲያው ካልሞላ ስፖንጁ ያረጀ ነው።

ከተቻለ ሁለት ዓይነት ግዙ፤ ከሥር የሚሆን ጠንካራ፣ ከላይ ቆዳ የሚነካው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ለስለስ ያለ። ጠንካራው ይሸከማል፣ ለስላሳው የአጥንቱን ቅርጽ ይከተላል። ሁለቱን የሚያያይዘው ማስቲሽ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ በስሱ ይቀባ። መሐሉ ላይ ከፈሰሰ ደርቆ ጠጠር ይሠራል፤ ያ ጠጠር ደግሞ ልክ የጭንቅላቱ ክብደት የሚያርፍበት ላይ ይሆናል።

የሚቆረጡት

የጭንቅላት ቀለበት፦ ለአዋቂ ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር፣ መሐሉ ላይ 7.5 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ፣ ከፍታው 5 ሳንቲ ሜትር። ለሕፃናት 14 ሳንቲ ሜትር በ5.5 ቀዳዳ ይበቃል። ቀዳዳውን በቢላ ለማውጣት መሞከር ጠርዙን ያዘነጣጥለዋል፤ ሁለቱም አፉ የተከፈተ፣ አንደኛው ጫፉ በሞረድ የተሳለ የጣሳ ቆርቆሮ እያዞሩ መጫን ንጹሕ ቀዳዳ ያወጣል።

የትከሻ ጥቅል፦ ርዝመቱ 40፣ ከፍታው 10 ሳንቲ ሜትር። ሙሉ ክብ ከሆነ ይንከባለላል፤ ሥሩን ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ቁረጡት።

የዳሌ ሽብልቅ፦ 15 ዲግሪ ለማዘንበል ሥሩ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከፍታው 8 ሳንቲ ሜትር ነው። ስፖንጁ ግን ከክብደት በታች ስለሚወርድ 10 አድርጋችሁ ቁረጡት። ከዚያ አንድ ሰው አስተኝታችሁ ከዳሌው አጥንት በላይ ስልክ አስቀምጡና በማዘንበያ መለኪያው አንብቡ። ከ15 ካነሰ ከሥሩ ጠንካራ ንጣፍ ጨምሩ።

የደረት ጥቅል ሁለት፦ እያንዳንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 15 ከፍታ። እንደዚሁ ለባት የሚሆን፣ ከጉልበት በታች እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ዝቅ ያለ ትራስ ያስፈልጋል፤ ለክርን ደግሞ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት ካሬዎች።

ጥቅሎቹንና ሽብልቁን በሰው ሠራሽ ቆዳ አልብሱ። ስፌቱ ከጎን ወይም ከሥር ይሁን እንጂ ቆዳ በሚነካው ፊት ላይ አይለፍ፤ ለሰዓታት የተጫነ ስፌት እንደ ገመድ ታትሞ ይቀራል። ዚፕ አታስገቡ፣ ደም የሚገባው በዚያ ነው። ልባሱም ከስፖንጁ ላይ ከመጠን በላይ አይወጠር፤ የተወጠረ ልባስ ለስላሳውን ስፖንጅ ከበሮ ያደርገዋል።

ቀለበቱን ማልበስ ግን አስቸጋሪ ነው። ከቀዳዳው ጎን ሁሌም ይሸበሸባል፣ ሽብሽቡም ራስ ቅልን ይጎዳል። የሚሻለው ስፖንጁን በቀጭን ፕላስቲክ ከሸፈኑ በኋላ በፋሻ በቀዳዳው እያሾለኩ መጠቅለልና ፋሻውንም ፕላስቲኩንም ለእያንዳንዱ ታካሚ መቀየር ነው።

ምሳሌ፦ ለእንቅርት ቀዶ ሕክምና ማስተኛት

በጎንደር ዙሪያ ባለው ደጋ እንቅርት የቆየ ችግር ነው፤ አፈሩም ውሃውም አዮዲን ያንሰዋል። ስለዚህ ከዳባትም ሆነ ከደባርቅ መጥቶ አንገቱን የሚታከም ሰው ብዙ ነው። ይህ ቀዶ ሕክምና አንገት ወደ ኋላ ቀና እንዲል ይፈልጋል፤ ሁሉም የማስተኛት ስሕተት የሚታይበት አቀማመጥ ስለሆነ በዝርዝር እንሂድበት።

1. ታካሚው ሳይተኛ፣ ነቅቶ ሳለ፣ ቀና ብሎ ጣሪያ እንዲያይ ጠይቁት። ሳያመው የደረሰበት ድረስ ነው በሰመመንም የሚወሰደው። አንገታቸው የደነደነ አዛውንት ጥቂት ብቻ ቀና ይላሉ፤ ለእሳቸው 10 ሳንቲ ሜትር ጥቅል ይበዛል፣ ግማሹ ይበቃል። ሰመመን ከተሰጠ በኋላ ጡንቻው ስለሚላላ አንገቱ እሺ ይላል፤ ሕመሙ የሚመጣው በማግሥቱ ነው።

2. ጸጉሩን እዩ። ሹሩባው ወደ ኋላ ተሰብስቦ በማስያዣ ከታሰረ ቋጠሮው ከራስ ቅሉ ኋላ ያርፋል። ማስያዣውን አውጡ፣ ጉንጉኑን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን መልሱት። ማተቡም በሚቀደደው ቦታ ላይ ነው። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ነቅተው ሳሉ በአክብሮት አስረዱና በፈቃዳቸው ወደ እጅ አንጓ ይዛወር፤ የብረት መስቀል ካለው ለቤተሰብ ይሰጥ። ሳይነገራቸው የተቆረጠ ማተብ ከቀዶ ጥገናው ጠባሳ ይልቅ ሲታወስ ይኖራል።

3. ሰመመን ተሰጥቶ የመተንፈሻ ቱቦው ከገባና ዓይኖቹ ከተዘጉ በኋላ ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ትከሻውን ያነሣሉ፤ ጭንቅላቱንና ቱቦውን የሚይዘው የአንስቴዥያ ባለሙያው ነው፣ "አንሡ" የሚለውም እሱ። ጥቅሉ በትከሻ ጠፍጣፋ አጥንቶች ሥር በአግድም ይገባል፤ የላይኛው ጠርዙ ከትከሻ ጫፍ ጋር እኩል ይሁን። ወደ አንገት ከወጣ አንገቱን ከሥር ይገፋዋል፣ ወደ ወገብ ከወረደ ደግሞ ደረቱ ብቻ ተነሥቶ አንገቱ ሳይከፈት ይቀራል።

4. ቀለበቱን ከጭንቅላቱ ሥር አድርጉ። አሁን መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ በራስ ቅሉና በአልጋው መካከል አስገቡ። ጭንቅላቱ ሙሉ በሙሉ ቀለበቱ ላይ ማረፍ አለበት። ከሥሩ አየር ካገኛችሁ ጭንቅላቱ ተንጠልጥሏል፤ ከቀለበቱ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ጨምሩ። በተቃራኒው ስፖንጁ ተደፍጥጦ የአልጋው ጥንካሬ ከተሰማችሁ ቀለበቱን ቀይሩት።

5. የመተንፈሻ ቱቦውን እንደገና አዳምጡ። አንገት ወደ ኋላ ሲቀና የቱቦው ጫፍ እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ሊሸሽ ይችላል። ደረቱን በሁለቱም በኩል ሳያዳምጡ በቀዶ ሕክምና ጨርቅ መሸፈን ትልቅ አደጋ ነው።

6. እጆቹን ከጎኑ አድርጉ፤ መዳፉ ወደ ጭኑ ይዙር፣ ከክርኑ ሥር ካሬው ስፖንጅ ይግባ። በክርን ውስጠኛ ጎን ያለው ነርቭ ከቆዳ ሥር አጥንት ላይ የሚያልፍ ነው፤ ትንሿ ጣት የምትደነዝዘው እሱ ሲጨፈለቅ ነው። ጉሉኮሱ መንጠባጠቡን አሁን አረጋግጡ፤ ከተሸፈነ በኋላ አይታይም።

7. የባቱን ትራስ አስገቡ፣ ጉልበቱ በትንሹ ይታጠፍ፣ ተረከዙ በአየር ላይ ይቅር። በመጨረሻ የአልጋውን ራስጌ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ከፍ አድርጉት፤ በአንገት ደም ሥሮች የሚጠራቀመው ደም ያንሳል፣ መድማቱም ይቀንሳል።

8. ሥራው ሲያልቅ፣ ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት ጥቅሉ ይውጣ። አንገቱ እንደተወጠረ የተሰፋ ጡንቻ አንገቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ይጨማደዳል።

በብዙ ቦታ በጥቅል ፋንታ የጉሉኮስ ከረጢት ይገባል። አይመከርም፦ ይንሸራተታል፣ ክብደት ሲያርፍበት እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ለማሞቂያ ከተሞቀ ደግሞ ሰመመን ያለበትን ሰው ሳይታወቅ ያቃጥላል።

ሌሎች አቀማመጦች

በጀርባ ሲተኛ እጅ ወደ ጎን ከተዘረጋ ከ90 ዲግሪ በታች ይሁን፤ የእጅ ማሳረፊያው ከፍራሹ ጋር እኩል፣ መዳፉ ወደ ላይ። ማሳረፊያው ዝቅ ካለ ክንዱ ወደ ኋላ ይንጠለጠላል፤ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮችም ይለጠጣሉ። ሐኪሙ ቆሞ ሲሠራ በሆዱ ማሳረፊያውን ወደ ራስጌ መግፋቱ የተለመደ ነው፤ በየጊዜው ማዕዘኑን የሚመለከት አንድ ሰው ይመደብ።

በቀዶ ሕክምና ለምትወልድ እናት ሽብልቁ ከቀኝ ዳሌዋ ሥር ገብቶ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ያለዚያ ማህፀኑ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን ደም ሥር ይጫነዋል፤ በወገብ ከሚሰጠው ማደንዘዣ ጋር ተደምሮ የደም ግፊቷ በደቂቃዎች ይወርዳል። ልጁ ሲወጣ ሽብልቁ ይነሣል። አልጋው ራሱ ከታዘነበለ እናቲቱ በቀበቶ ትያዝ።

በደረት ለሚተኛ ሰው ሁለቱ ጥቅሎች ከትከሻ እስከ ዳሌ አጥንት በቁመት ይቀመጣሉ፤ ሆዱ በመካከላቸው ነፃ ሆኖ ይንጠልጠል። ሆድ ሲጨቆን ደሙ ወደ አከርካሪ ዙሪያ ደም ሥሮች ይገፋል፤ ሐኪሙም ከማያቆም መድማት ጋር ይታገላል። ዓይንና አፍንጫ ምንም አይንካቸው። ዓይን ላይ የሚቆይ ጫና ብርሃን ያሳጣል፤ በየ15 እና 20 ደቂቃው ፊቱ ከሥር በእጅ ወይም በመስታወት ይታይ። ለመገልበጥ ጭንቅላት ከሚይዘው ሌላ ቢያንስ አራት ሰው ያስፈልጋል።

በጎን ሲተኛ ጥቅሉ የሚገባው ብብት ውስጥ አይደለም፤ ከብብት አራት ጣት ወርዶ የጎድን አጥንት ሥር ነው። በትክክል ከገባ እጃችሁ ከብብቱ ሥር ያልፋል፣ የታችኛው እጅ የደም ትርታም ይመታል። በጉልበቶቹ መካከል ትራስ ይግባ።

እግር ከፍ ብሎ በሚታሰርበት አቀማመጥ ሁለቱም እግሮች በሁለት ሰው እኩል ይነሡ፣ እኩል ይውረዱ። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለው የአጥንት ጉብታ ብረቱን አይንካ፤ እግር ቀና አልል የሚለው እዚያ ያለው ነርቭ ሲጎዳ ነው። የአልጋው እግርጌ ተመልሶ ሲነሣ የታካሚው ጣቶች የት እንዳሉ ሳታዩ እጀታውን አትንኩ።

የአንጎል ቀዶ ሕክምና ሌላ ነው። እዚያ የራስ ቅልን በሦስት መርፌ መሰል ሾጣጣዎች የሚይዘው ማጥበቂያ፣ በአሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ፍራንክ ሜይፊልድ ስም የሚጠራው፣ ለአዋቂ በተለምዶ ከ60 እስከ 80 ፓውንድ ጫና ይሰጠዋል። በእንጨትም በስፖንጅም አይተካም፤ የራስ ቅላቸው ላልጠነከረ ሕፃናት የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ማሳረፊያ ነው የሚሠራው።

ከመሸፈኑ በፊትና በኋላ

በመደገፊያው ላይ አንድ አንሶላ ብቻ ይነጠፍ። በብርዱ ምክንያት አራት አምስት እጥፍ መደርደር ስፖንጁን ከንቱ ያደርገዋል፤ ሙቀቱን ከላይ በብርድ ልብስ ስጡ። ቆዳ የሚታጠብበት አዮዲን ወይም አልኮል ከሥር እንዳይጠራቀም ከጎን ጨርቅ አድርጉ፣ ሳትሸፍኑ አውጡት። እርጥብ አዮዲን ለሰዓታት ከተጫነ ቆዳ ይልጣል፤ አልኮሉ ደግሞ በኤሌክትሪክ መቁረጫው እሳት ይይዛል፣ ስፖንጁም ሲቀጣጠል መርዛማ ጭስ አለው።

ከአገልግሎት በኋላ ልባሱ በ0.5% ክሎሪን ለ10 ደቂቃ ይረጥብና በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። በጠርሙሱ ላይ 5% የሚል በረኪና ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ነው። ልባሱ ከተቀደደ መደገፊያው ይጣል፤ ደም የጠጣ ስፖንጅ አይጸዳም።

ታካሚው ወደ ማገገሚያ ክፍል ሲሄድ የጭንቅላት ኋላ፣ ክርን፣ የጅራት አጥንት አካባቢና ተረከዝ ይታዩ። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላት ስለማይታይ በእጅ ጀርባ ሙቀቱን፣ በጣት ጥንካሬውን ፈትሹ። ሲነቃ ጣቶቹን እንዲዘረጋ፣ እግሩን ወደ ላይ ቀና እንዲያደርግ ጠይቁት። ቤተሰብም ቢሆን "ጣቴ ደነዘዘ" የሚለውን ቃል እንደ ማደንዘዣ ቅሪት አይቁጠረው፤ በዕለቱ ለነርሷ ይነገር፣ በየትኛው አቀማመጥ ለስንት ሰዓት እንደተኛም ከመዝገቡ ጋር ይጻፍ።