ሊፍት ውስጥ ዝም በሉ፦ ጤና ተቋም አዲስ ለምትገቡ

ሥራ ስትጀምሩ የሥነ ምግባር መመሪያ ይሰጣችኋል። ገለጥ ገለጥ ታደርጋላችሁ፣ ትፈርማላችሁ፣ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ነርስ ሆኜ ብዙም ሳልቆይ ሊፍት ውስጥ ለባልደረባዬ "የሰባት ቁጥሩ ሰውዬ ውጤት ደስ አይልም" አልኳት። ስም አልጠራሁም። ከኋላችን ግን የሰውየው ልጅ ቆማ ነበር። የአልጋ ቁጥሩ በቃት።

ከዚያ ወዲህ አፌን ከመክፈቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ይህ ሰው ሥራውን ለመሥራት ይህን ማወቅ አለበት? ገንዘብ ተቀባዩ የትኛው ምርመራ እንደታዘዘ ይወቅ፤ ለምን እንደታዘዘ አያገባውም። የጎረቤታችሁ ካርድ ኮምፒውተር ላይ አለ ብላችሁም አትክፈቱ። ማን እንደከፈተው ሲስተሙ ይመዘግባል። ፓስወርድ ካዋሳችሁ ደግሞ ሌላው ያየው ሁሉ በእናንተ ስም ይጻፋል። ታካሚው ቢሞትም ነገሩ አይለወጥም። መነሻው በ1948 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የጄኔቫ የሐኪሞች መሐላ፣ አሁን ባለው ቃሉ፣ ከሞት በኋላም ምስጢር ጠብቁ ይላል።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው በስልኩ ነው። የባልደረባ ልደት ይከበራል፣ ኬክ ይቆረጣል፣ ፎቶው ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ከኬኩ ጀርባ ነጩ ሰሌዳ ላይ የታካሚዎች ስም ተደርድሯል! ስለዚህ መጀመሪያ ጀርባውን እዩ። የራጅ ፎቶ ስትልኩ ጥጉን እዩ፤ ስም የሚታተመው እዚያ ነው። "ስሙን ቆርጬዋለሁ" የሚለው ማመካኛ አያዋጣም። ሂፓ በሚባለው በ1996ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ሕግ መሠረት የወጣው ደንብ፣ መረጃው የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ መውጣት ያለባቸውን 18 ነገሮች ይዘረዝራል። የመግቢያ ቀን፣ ስልክ ቁጥር፣ የመኪና ታርጋ ሳይቀር አለበት።

መደበቅ ያለበትን ያህል በግልጽ መነገር ያለበትም አለ። ሌሊት ለሐኪም ስትደውሉ በ"ይቅርታ ረበሽኩዎት" አትጀምሩ። ኤስባር የሚባል ቅደም ተከተል አለ። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች የመጣ ነው። ምን ሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር፣ ምን ይመስለኛል፣ ምን እፈልጋለሁ። እንዲህ፦ "ዶክተር፣ የአልጋ አራት ታካሚ ግፊታቸው 80 በ50 ገባ። ዛሬ ጠዋት ሆዳቸው ተከፍቶ ነበር። ውስጥ እየደሙ ይመስለኛል። አሁኑኑ ይምጡልኝ።" አራተኛዋን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጀማሪ ይፈራታል። እሷን ካልተናገራችሁ ግን መደወላችሁ ለምን ነበር?

በስልክ መድኃኒት ሲታዘዝ ጻፉ፣ የጻፋችሁትን መልሳችሁ አንብቡ፣ "አዎ" እስክትባሉ ጠብቁ። ፊፍቲንና ፊፍቲ በስልክ አንድ ናቸው። "ዋን፣ ፋይቭ" ብላችሁ ለያይታችሁ ጥሩት።

ካርድ ላይ ስትሳሳቱ በፍሉድ አታጥፉ። የታችኛው እንዲነበብ አንድ መስመር ብቻ ሰርዙበት፣ ቀንና ፊርማ አኑሩ። ስጦታ ላይ ብዙ አልልም፤ ገንዘብ ከሆነ አመስግናችሁ መልሱ።

ጥፋት ስትሠሩ ደግሞ ሳታድሩ ንገሩ። ሪፖርቱ አጭር ይሁን፦ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለማን ተነገረ። "በሥራ ብዛት ምክንያት" የሚል መግቢያ አያስፈልገውም።

የሊፍቱን ጉዳይ እኔ ለኃላፊዬ የነገርኳት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቆጣ ብላ "መጀመሪያ ሐኪሙን ጥሪ፣ የአንቺን በኋላ እናወራለን" አለችኝ። ሐኪሙ መጣ። ሰውየውን ካስፈቀደ በኋላ አባትና ልጅን አንድ ላይ አስቀምጦ፣ በሩን ዘግቶ፣ ውጤቱን ነገራቸው።