ተመራማሪን ወደ መንግሥት የምርምር ተቋም ለመሳብ፦ ደመወዙን አስቀድሞ፣ የሀገር ፍቅሩን በቦታው

የመንግሥት የምርምር ተቋማት ክፍት የሥራ ቦታ ሲያወጡ፣ ብዙ ጊዜ በማስታወቂያው አናት ላይ ስለ ሀገር ግዴታ ረዘም ያለ አንቀጽ ይሰፍርና ደመወዙ ከታች «በተቋሙ ስኬል መሠረት» ተብሎ በሦስት ቃል ይታለፋል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ይህን ቅደም ተከተል መገልበጥ ለሚፈልጉ የተቋም ኃላፊዎችና የሰው ሀብት ባለሙያዎች ነው።

በመጀመሪያ ባለሙያ የሚወስድብዎት ማን እንደሆነ ይለዩ። ተፎካካሪ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው የአሜሪካና የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ በሆለታ የመንግሥት የግብርና ምርምር ማዕከል የሚሠራ የመኖ ተመራማሪ ከአገር መውጣት ሳያስፈልገው፣ ጉርድ ሾላ በሚገኘው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ኢንስቲትዩት ግቢ ተመሳሳይ ሥራ በተሻለ ክፍያ ሊያገኝ ይችላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ደመወዛቸው በዶላር ለሚታሰብላቸው ባለሙያዎች ይህ በብር ሲመነዘር ትልቅ ጭማሪ ነበር፤ የመንግሥት ተመራማሪው ግን የዋጋ ንረቱን በዚያው ደመወዙ ተቀበለው፤ በኋላ የተደረገው የደመወዝ ማስተካከያም ልዩነቱን አልደፈነውም።

ደመወዙ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ሲወስኑ የደቡብ ኮሪያን ልምድ ልብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። የኮሪያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1966 ሲቋቋም አገሪቱ ድሃ ነበረች፤ በአሜሪካ ዶክትሬታቸውን ከሠሩት ኮሪያውያን ብዙዎቹ እዚያው ይቀሩ ነበር። የኢንስቲትዩቱ የመጀመሪያ ዳይሬክተር ቾይ ህዩንግ ሰፕ ባሕር ተሻግረው ተመራማሪዎቹን ባሉበት ሲያነጋግሩ ስለ ሀገር መናገራቸው አልቀረም፤ ይሁንና ባዶ እጃቸውን አልሄዱም። ያቀረቡት ደመወዝ ከአሜሪካው አንድ አራተኛ ገደማ ቢሆንም፣ በአገሪቱ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ለፕሮፌሰር ከሚከፈለው ሦስት እጥፍ ያህል ነበር፤ መኖሪያ ቤትም ተጨምሮበታል። ደመወዙ በዛ የሚል ቅሬታ በተነሣ ጊዜ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ የደመወዝ ዝርዝሩን አስቀርበው ከራሳቸው የበለጠ የሚከፈላቸው ብዙዎች መኖራቸውን አይተው፣ እንዳለ እንዲቀጥል እንደፈቀዱ ይነገራል።

ከዚህ እንደምረዳው ከውጭው ደመወዝ ጋር እኩል መክፈል አይጠበቅብዎትም፤ ሦስት አራተኛውን ትተው የመጡት ሰዎች የሀገር ፍቅር እውነተኛ ኃይል እንዳለው አሳይተዋል። ሆኖም ያን መሥዋዕትነት ሊከፍሉ የቻሉት ቤተሰባቸው ሳይቸገር የሚኖርበት ገቢ አስቀድሞ ስለተረጋገጠላቸው ነው። ስለዚህ የቤት ኪራይን፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያን፣ ትራንስፖርትንና ወላጆችን መጦሪያን በቁጥር ያስሉ። የሚያቀርቡት ደመወዝ እነዚህን የማይሸፍን ከሆነ፣ የተቀጠረው ሰው ወይ ማታ ማታ በግል ኮሌጅ ያስተምራል፣ ወይ ለውሎ አበል ሲል ከሥልጠና ወደ ሥልጠና ይዞራል፤ በመዝገብ ላይ ሙሉ ተመራማሪ ይኖርዎታል፣ ቤተ ሙከራው ግን ግማሹን እንኳ አያገኘውም።

አንድ የተቋም ኃላፊ የሲቪል ሰርቪሱን ስኬል በራሱ ሊለውጥ እንደማይችል የታወቀ ነው። ልዩ ስኬል እንዲፈቀድ ለበላይ አካል ሲጽፉ፣ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች የራሳቸው ስኬል እንዳላቸው ያንሡ፤ አብራሪ በሀገር ፍቅር ብቻ ለመቅጠር የሞከረ አየር መንገድ እስካሁን አልሰማሁም። ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ ደግሞ የምርምር ፈንድ በሚጠየቅበት ጊዜ ሁሉ፣ ሰጪው የሚፈቅድ ከሆነ፣ የተመራማሪው የሥራ ጊዜ ክፍያ በበጀቱ ውስጥ በግልጽ እንዲካተት ያድርጉ።

ብዙ ኃላፊዎች ልብ የማይሉት፣ ተመራማሪን ከደመወዝ ባልተናነሰ የሚያባርረው የግዢ ሥርዓቱ መሆኑን ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ኢንዛይም ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦለት፣ የውጭ ምንዛሪ ተጠብቆለት፣ በመጨረሻ ዓርብ ከሰዓት ጉምሩክ መጋዘን ቢደርስና ማስለቀቂያው ደብዳቤ ሰኞ ቢፈረም፣ ሳጥኑ ሲከፈት በረዶው ቀልጦ ኢንዛይሙ ከጥቅም ውጭ ሆኖ ይገኛል። ተመራማሪው በዚያ ዕለት የሚያጣው የወራት ሥራ ነው። ግዢና ጉምሩክን የሚከታተል አንድ ኃላፊነት ያለው ሠራተኛ ይመድቡ፤ ይህንንም በቅጥር ደብዳቤው ላይ ያስፍሩ።

ከውጭ ለሚመለሰው ሰው ሲያስቡ አገር ቤት የቆየውን እንዳይዘነጉ። በአንድ የሥራ ደረጃ ላይ ያለ ከውጭ የመጣ ሰው ከባልደረባው አብልጦ የሚከፈለው የመጣበት አገር ታይቶ ከሆነ፣ ያልሄደው ባልደረባ የሚማረው መሄድ እንደሚያዋጣ ብቻ ነው። ጭማሪው ከኃላፊነቱና ከውጤቱ ጋር ይታሰር፤ መመዘኛውን ያሟላ ሁሉም ያግኘው። ለዶክትሬት የሚላኩትን ደግሞ በዋስ ማስፈረም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ዋስትናው ገንዘቡን ያስመልስ ይሆናል፣ ሰውየውን ግን አይመልስም።

የሀገር ፍቅር ቦታው በሥራው ይዘት ውስጥ ነው። «ሀገርዎን ያገልግሉ» ከማለት ይልቅ ችግሩን በስሙ ይጥሩት፤ በየትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ሰብል፣ ስንት ዓመት የተሰበሰበ መረጃ ተቋሙ ዘንድ እንዳለ ይግለጹ። የዓለም የምግብ ሽልማትን እ.ኤ.አ. በ2009 ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ እየሠሩ፣ አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ለኢትዮጵያ ገበሬ እንዲደርሱ አድርገዋል፤ ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ይህ እንደሚያሳየው ጠቅልሎ መመለስን ቅድመ ሁኔታ ማድረግ አስፈላጊ አይደለም። የክረምት ወራት ቆይታን፣ የዶክትሬት ተማሪን በጋራ ማማከርን ወይም የዘር ናሙና ልውውጥን እንደ ሙሉ አማራጭ ያቅርቡ። የውጭ ዜግነት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካወጣ የሥራ ፈቃድ እንደማያስፈልገውም አስቀድመው ይንገሩት።

የቅጥር ደብዳቤውን ሲያዘጋጁ ደመወዙን በብር፣ ከግብርና ከጡረታ ተቀናሽ በኋላ በእጅ የሚደርሰውን ጭምር ይጻፉ። ደመወዙ እንደገና የሚታይበት ቀን ይቀመጥ፤ ብሩ ቢዳከም ማን፣ በምን ስሌት እንደሚያስተካክለውም ይገለጽ። የቤት አቅርቦት «በሂደት ላይ» ከሆነ ቃል አይግቡ፤ ቁልፉ እጅዎ ሲገባ ያን ጊዜ ይጨምሩታል።