ደጋፊው ተቃዋሚ ሆኖ ሲቆጠር፦ የኦንላይን ክርክር መሣሪያ ችግርና መፍትሄ

የክርክር መሣሪያ የምለው ሰዎች በአንድ ርዕስ ላይ ሐሳብ የሚጽፉበትን፣ እያንዳንዱ መልስ ከበላዩ ላለው ሐሳብ ድጋፍ ወይም ተቃውሞ ተብሎ የሚያያዝበትን ነው። ሰርቨሩ ይሠራል፣ ተጠቃሚው ገብቶ ይጽፋል እንበል። እኔ የማወራው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ነው።

ምልክት፦ ድጋፍና ተቃውሞ ተምታቷል

«እዩልን» ተብዬ ከምጠራባቸው አብዛኞቹ ይሄ ነው። ርዕሱ «በክፍል ውስጥ ስልክ ይከልከል» ነው። አንዱ ተቃወመ፦ «ወላጅ ልጁን በአስቸኳይ ቢፈልገው አያገኘውም።» ሌላዋ ከሥሩ መለሰች፦ «ትምህርት ቤቱ ጋ መደወል ይችላል።» ቆንጆ መልስ። የተጫነችው ግን «ድጋፍ» የሚለውን ነው። ክልከላውን ነዋ የምትደግፈው! መሣሪያው ደግሞ ከላይዋ ያለውን ተቃውሞ እንደደገፈች ቆጠረው። ክርክሩ አራተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ ማን ከማን ጋር እንደቆመ ፈጣሪ ይወቀው።

ምክንያት

ሰው የሚያስበው ስለ ርዕሱ ነው፤ መሣሪያው የሚያያይዘው ከቅርቡ ሐሳብ ጋር ነው። «ድጋፍ» የሚል በተን ደግሞ የምኑ ድጋፍ እንደሆነ አይናገርም። ተጠቃሚውን አትውቀሱ።

መፍትሄ

በተኖቹን አውጥታችሁ ጣሉ። ሰው የሚጨርሰው ዓረፍተ ነገር ተኩ፦ «ይህ ልክ ነው፤ ምክንያቱም…» ወይም «ይህ ልክ አይደለም፤ ምክንያቱም…»። የሚመለስለትን ሐሳብ ከበላዩ ሙሉውን አሳዩ።

ስልክ ላይ ሞክሩት! አንዴ ይህን ሁሉ አድርገን ስህተቱ አልቀንስ አለ። ሦስት ቀን ኮድ ስናገላብጥ ከረምን። ለካ ኪቦርዱ ብቅ ሲል ሐሳቡን ይሸፍነው ኖሯል። ሰዉ በጭፍን ነበር የሚመልሰው።

ድጋፍና ተቃውሞን በቀለም ብቻ አትለዩ፤ ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው አለ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። የተሳሳተውን መልስ ስታርሙ የእሱን የድጋፍ ወይም የተቃውሞ ምልክት ብቻ ገልብጡ። ከሥሩ ያሉት የተያያዙት ከእሱ ጋር ነው፤ እሱ ከድጋፍ ወደ ተቃውሞ ቢዞር የእነሱ ዝምድና ያው ነው። አንድ ጎበዝ ፕሮግራመር ቅርንጫፉን በሙሉ ገልብጦብን ከባክአፕ (ከተቀመጠ ቅጂ) ነው የመለስነው። ባክአፕ ባይኖርስ?

ሌሎቹ ባጭሩ

አንድ ሐሳብ ሁለት ነገር ከያዘ («ውድም ነው፣ አደገኛም ነው») ለሁለት ክፈሉት። የተሰጠውን ድምፅ ግን ለሁለቱም አታባዙ፤ ሰዎቹ እንደገና ይስጡ።

ያው ሐሳብ ከተደጋገመ፦ ሰውየው እየጻፈ ሳለ ተመሳሳዩን አሳዩት።

ቀድሞ የተጻፈው ሁሌ አንደኛ ከሆነ፦ በድምፅ ብዛት መደርደር ትታችሁ ቅደም ተከተሉን በዘፈቀደ አቀያይሩ።

እልህና ስድብ ከበዛ፦ «መልስ» መስጫውን ማንሳት ይቻላል። ፖል ኢዝ (Pol.is) የሚባለው የሕዝብ አስተያየት መሰብሰቢያ እንዲህ ነው፤ ሰው ይስማማል፣ አይስማማም ወይም ያልፋል። ታይዋን በ2015 ስለ ኡበር ስትመክር ተጠቅማበታለች። ምክንያትን ከምክንያት ማያያዝ ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

ድረ ገጽ ላይ የሚገጠም ዝግጁ የኮሜንት ፕለጊን ላይ ሁለት በተን ለጥፎ «የክርክር መሣሪያዬን ጠግንልኝ» የሚለኝንስ? አልነካውም። ዳታቤዙ መልሱ የማን ድጋፍ፣ የማን ተቃውሞ እንደሆነ የሚይዝበት ቦታ እንኳ የለው። ከዜሮ ይጀምር።