ከአጓት ላይ ላክቲክ አሲድ በናኖ ቅንጣት የማወጣበት መንገድ

እናቴ ደብረ ብርሃን ቤታችን አይብ ባወጣች ቁጥር አጓቱን ታስቀምጥልኛለች። ውስጡ ያለውን ላክቲክ አሲድ (ወተት ሲኮመጥጥ የሚፈጠረውን አሲድ) የማወጣው ማግኔት በሚስበው የብረት ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት (በዓይን ለይቶ የማይታይ እጅግ ደቃቅ ብናኝ)፣ በማግኔታይት ነው።

አጓቱን መልሼ አፈላና በሻሽ፣ ከዚያ በማጣሪያ ወረቀት አጠልላለሁ። ፕሮቲን ከቀረ የቅንጣቱን ገጽ ይሸፍነዋል። (ከፍታችን 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ የሚፈላልን በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው።)

ከሁሉም በላይ የአጓቱን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) ጠብቁ። የላክቲክ አሲድ ፒኬኤ (ግማሹ አሲድ ሙል የሚይዝበት ፒኤች) 3.86 ነው፤ ከዚያ በላይ አብዛኛው አሲድ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል። የማግኔታይት ገጽ ደግሞ ከ6 በታች አዎንታዊ ነው። ስለዚህ ፒኤቹን 5 ላይ አድርጉት፣ አሲዱና ቅንጣቱ ይሳሳባሉ። ወደ 2 ብታወርዱት አሲዱ የኤሌክትሪክ ሙሉን ያጣል፣ ብረቱም መሟሟት ይጀምራል።

ቅንጣቱን ጨምሬ አንድ ሰዓት አማስላለሁ። ጠንካራ ማግኔት ከብርጭቆው ጎን ስይዝ ጥቁሩ ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ ፈሳሹን እደፋለሁ። በተጣራ ውኃ አለቅልቄ ጥቂት 0.1 ሞላር (በውኃ የቀጠነ) ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም ኮስቲክ ሶዳ ስጨምርበት አሲዱ ሶዲየም ላክቴት (የላክቲክ አሲድ ጨው) ሆኖ ይለቃል። ጓንትና መነጽር አድርጉ፤ የወጣውንም ለምግብ አትጠቀሙበት።

ቅንጣቱን በኃይለኛ ሙቀት አታድርቁ። አንዴ ቸኩዬ ምድጃ ውስጥ ብከተው ቡናማ ሆኖ ተጋግሮ ወጣ፣ የሁለት ቀን ልፋቴ ጠፋ። አሁን ውኃ ውስጥ እርጥቡን ነው የማቆየው።

አጓት ውስጥ ያለው ፎስፌትም (የፎስፈረስ ጨው) በቅንጣቱ ገጽ ላይ ከአሲዱ ጋር ቦታ ይሻማል። ስለዚህ መጀመሪያ በንጹሕ ላክቲክ አሲድ ተለማመዱ።