ቤት ስትገዙ ካርታውን ብቻ ሳይሆን ኮለኑንም እዩ

አዲስ አበባ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ካርታ አለው ወይ፣ ዕዳና እገዳ የለበትም ወይ ነው። ልክ ነው፣ ግን ካርታ ቤቱ የማን እንደሆነ እንጂ ጠንካራ መሆኑን አይነግራችሁም። የሕንፃ አዋጅ በ2001 ከወጣ ቆይቷል፣ ግን ብዙ ቦታ ኮንክሪት ሲሞላ ቆሞ የሚያይ ተቆጣጣሪ ስለሌለ ማጣራቱ የገዢው ሥራ ሆኗል። ታኅሣሥ 2017 የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ሲሰማ ፎቅ ላይ የነበረ ሰው ይሄ ነገር ለምን እንደሚያስጨንቀኝ ይገባዋል።

ሻጩን የግንባታ ፈቃዱንና ማህተም ያለበትን ፕላን አምጣ በሉት፣ አርክቴክቸሩን ብቻ ሳይሆን ስትራክቸሩንም፣ ማለትም የመሠረቱን፣ የምሰሶውንና የፌሮውን ፕላን። ከዛ ፎቁን ቁጠሩ። ፈቃዱ ጂ ፕላስ ዋን እያለ ቤቱ ጂ ፕላስ ቱ ከሆነ መሠረቱና ኮለኑ (ቤቱን የተሸከመው የኮንክሪት ምሰሶ) የተሰላው ለሌላ ቤት ነው ማለት ነው። ደላላው "በኋላ ሕጋዊ ይደረጋል" ቢላችሁ እንዳትሰሙት፣ ወረቀቱ ቢስተካከል እንኳ ኮለን ውስጥ ያለው ፌሮ አይጨምርም።

ቤቱን ስታዩ ሳሎኑና ጂፕሰሙ ላይ ጊዜ አትፍጁ። ደረጃ ስር ግቡ፣ የሮቶ ማስቀመጫውን፣ ሰርቪስ ቤቱን ከጀርባ እዩ፣ እዛ አካባቢ ብዙ ጊዜ ልስን ስለማይጨርሱ ኮንክሪቱ እንዳለ ይታያል። ጠጠሩ ፈጦ ክፍተት ካለው፣ ወይ ዝገት የያዘ ፌሮ ብቅ ብሎ ከታየ፣ የተለሰነው ውስጥም እንደዛው ሊሆን ይችላል። ልስን ላይ ያለ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብዙም አያስጨንቅም፣ ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚወርድ ወይ ብሎኬቱን ተከትሎ ደረጃ እየሠራ የሚሄድ ግን የመሠረት መስመጥ ሊሆን ይችላል፣ ኮለንና ቢም (ኮለኖቹን የሚያያይዘው አግዳሚ ኮንክሪት) ላይ ስንጥቅ ካያችሁ ደግሞ ኢንጂነር ሳያየው አንድ ብር እንዳትከፍሉ። አንዱ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

ቦሌና አቃቂ አካባቢ ብዙ ቦታ ጥቁር አፈር ነው፣ ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል ከላይ ያለውንም ቤት ይዞት ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ መሠረቱ ስንት ሜትር እንደወረደና ምን ላይ እንዳረፈ ጠይቁ፣ የአፈር ምርመራ ወረቀት ካለ ተቀበሉ። ከቻላችሁ ቤቱን ሐምሌ ወይ ነሐሴ ላይ እዩት።

ኤሌክትሪኩን ደግሞ ምጣድ ሰክታችሁ ፈትኑት፣ ብሬከሩ ከወደቀ ወይ ሶኬቱ ከጋለ የገመዱን ውፍረትና ኧርዝ (ያመለጠ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ገመድ) መኖሩን ኤሌክትሪሺያን ይይላችሁ።

ኢንጂነሩን ራሳችሁ ፈልጉ፣ ሻጭ ወይ ደላላ ያመጣው አይሁን። ሽሚት ሀመር (ኮንክሪቱን መትቶ ጥንካሬውን የሚገምት መሣሪያ) ይዞ መጥቶ ኮለኖቹን ይፈትሽላችሁ፣ ውጤቱንም ፈርሞ በጽሑፍ ይስጣችሁ። የሚከፈለው ከቤቱ ዋጋ አንጻር ምንም አይደለም።

ውል ላይ "ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሳታስወጡ አትፈርሙ። በምትኩ ፕላኑ የውሉ አካል ይሁን፣ ስንጥቅም ሆነ ፍሳሽ ካለ ማን በስንት ጊዜ እንደሚጠግን ይጻፍ፣ ከክፍያው የተወሰነው ክረምት እስኪያልፍ ይያዝ። ውጭ ሆናችሁ በውክልና የምትገዙ ደግሞ ዘመዳችሁ ቪዲዮ ሲልክ ኪችኑን ሳይሆን ደረጃ ስሩን እንዲቀርጽ ንገሩት፣ የኢንጂነሩ ወረቀት እጃችሁ ሳይገባም ቀብድ አትላኩ።