ለኪራይ ቤት መጋረጃ እንዴት ይሰፋል? ሳይቆርጡ ማስረዘምና ማሳጠር

ቤት የቀየረ ሁሉ ያውቀዋል። አልጋው ይገባል፣ ቁም ሳጥኑም እንደምንም ይገባል፤ መጋረጃው ግን ወይ ያጥራል ወይ መሬት ይጎተታል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው አሮጌውን ትቶ አዲስ ጨርቅ ይገዛል፣ አለበለዚያ በመቀስ ቆርጦ ያሳጥረዋል። ሁለቱንም አልመክርም። በባለቤቴ ዝውውር ሐዋሳ ከገባን ወዲህ ቤት ቀይረናል፤ የሳሎኑ መጋረጃ ግን ያው ነው። ተከራይ የሆነ ሰው ትርፉን ጨርቅ ቆርጦ ከመጣል ወደ ውስጥ ቢያጥፈው ይሻለዋል።

መኪናውን ያዘጋጁ

የእግር ሲንጀር በጭነት መኪና ሲጓጓዝ ቺንጋውን አውልቀው፣ ራሱን ከጠረጴዛው ለይተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያምጡት። ሲገጥሙት የስፌት መኪና ዘይት ያጠጡት፤ የምግብ ዘይት ውስጡ ይደርቅና ያጣብቀዋል። ከዚያ ብርሃን በግራ በኩል በሚገባበት ቦታ ያስቀምጡት። ለሳሳ ጨርቅ 11 ቁጥር መርፌ፣ ለመካከለኛ 14፣ ለወፍራም 16 ይጠቀሙ። ክሩ ፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ፀሐይ ላይ ሲከርም ቶሎ ይበጣጠሳል።

ልኩን ይውሰዱ

የሚለካው መጋረጃው የሚሰቀልበት ዘንግ ነው። ዘንጉ ከመስኮቱ በግራም በቀኝም 15 ሴ.ሜ ያህል ቢያልፍ መጋረጃው ሲከፈት መስኮቱን አይሸፍንም። ግድግዳ ከመብሳትዎ በፊት ግን አከራይዎን ያስፈቅዱ።

ቁመቱን ከዘንጉ እስከ ወለሉ በግራ፣ በመሃልና በቀኝ ይለኩ። የቤት ወለል ብዙ ጊዜ ዘንበል ስለሚል ሦስቱ ላይገጥሙ ይችላሉ፤ አጭሩን ይያዙና 2 ሴ.ሜ ይቀንሱለት። የሜትሩን ጫፍ ወለሉ ላይ አጥብቆ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል፤ እኛ ቤት ይህ የልጄ ሥራ ነው።

የጨርቁ ስፋት የዘንጉ እጥፍ ይሁን። ዘንጉ 180 ሴ.ሜ ከሆነ በድምሩ 360 ሴ.ሜ፣ ማለትም በየጎኑ 180 ያስፈልጋል። ወፍራም ጨርቅ አንድ ተኩል እጥፍ ይበቃዋል። ለቁመት ደግሞ ከላይ ለእጥፋት 8 ሴ.ሜ፣ ከታች 30 ሴ.ሜ ይጨምሩ። የታቹ 30 ሴ.ሜ 15፣ 15 ሆኖ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል። ሌላ ቤት ሲገቡ እሱን ተርትረው በጠባቡ ቢያጥፉት 25 ሴ.ሜ ያህል ይረዝምልዎታል። የሚሰፉት በአዲስ ጨርቅ ከሆነና ጨርቁ ጥጥ ከሆነ መጀመሪያ ይጠቡት፤ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል።

አሮጌውን እጥፋት ይፍቱ

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ከላይ ያለውን ክር በየአራት አምስት ስፌቱ በትንሽ መቀስ ጫፍ ይቁረጡ፣ ከዚያ የታችኛውን ይሳቡ፤ ክሩ ሙሉውን ይመጣል። ጨርቁን ግራና ቀኝ ይዞ መቅደድ ስፌቱ የነበረበትን ቀዳዳ ያሰፋዋል። ሲፈታ የቀድሞው መታጠፊያ እንደ መስመር ተሰምሮ ይታያል። አቼቶ በውሃ ያቅጥኑ፣ ጨርቅ ነክረው መስመሩን ያርጥቡ፣ ከዚያ በካውያ ይተኩሱት። ቀለሙን እንዳይነካው መጀመሪያ ጥግ ላይ ይሞክሩት። በፀሐይ የነጣው ጨርቅና ታጥፎ የቆየው ቀለም ካልተመሳሰሉ ደግሞ መጋረጃውን ገልብጠው የላዩን ወደ ታች ያድርጉት፤ ልዩነቱ ሽንሽኑ ውስጥ ይጠፋል።

ያጠረውን ያስረዝሙ

እጥፋቱ ተፈቶም ካልበቃ ከታች ሌላ ጨርቅ ይቀጥሉበት። ተመሳሳይ ቀለም ፍለጋ አይድከሙ። ሊመሳሰል ተሞክሮ ያልተመሳሰለ ጨርቅ ያስጠላል፤ ሆን ተብሎ የተለየ ደግሞ ያምራል። ወፈር ያለና ጠቆር ያለ ጨርቅ ቢሆን ክብደቱ መጋረጃውን ወደ ታች ይስበዋል። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሳም እንዳይውለበለብ ይይዘዋል።

መጋረጃ በሁለቱም በኩል ስለሚታይ መገጣጠሚያውን በድርብ ስፌት ይስፉት። ግቢያችን ውስጥ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የምትሠራ ልጅ አለች፤ እጅዋ እጅግ ፈጣን ነው፣ ይህን ያሳየችኝ እሷ ናት። ሁለቱን ጨርቆች ጀርባ ለጀርባ ገጥመው፣ የሚታየው ፊታቸው ወደ ውጭ ሆኖ፣ ከጠርዙ ግማሽ ሴ.ሜ ገባ ብለው ይስፉ። ገልብጠው በካውያ ያስተኙት፣ ከዚያ 1 ሴ.ሜ ገባ ብለው እንደገና ይስፉ። ጥሬው ጠርዝ ውስጥ ታሽጎ ይቀራል። ጨርቁን ከኋላ አይጎትቱ፤ መኪናው ራሱ ይውሰደው።

ገበር

ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው፣ መስኮትዎ ወደዚያ ከዞረ የከሰዓት ፀሐይ ቀጥ ብሎ ይገባል። ለዚያ መስኮት ነጭ ገበር ይጨምሩ፤ ጨርቁን ከመንጣት፣ ክፍሉንም ከሙቀት ይከላከላል። ለትንኝ ሲባል ግን ለወባ የተሰጠን አጎበር ቆርጦ መስኮት ላይ መስፋት አይገባም። እሱ ለመኝታ ነው። ለመስኮቱ ወንፊት ይግዙ።

ከላይ ይጨርሱ፣ ይስቀሉ፣ ታቹን መጨረሻ

ጎንና ጎኑን በጠባቡ አጥፈው ይስፉ። ከላይ 1 ሴ.ሜ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ 7 ሴ.ሜ አጥፈው ዘንጉ የሚገባበትን መንገድ ይተዉ። የስፌቱ ርዝመት 3 ሚ.ሜ ገደማ ይሁን፤ ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ኋላ ለመተርተር ያስቸግራል።

ታቹን ሳይሰፉ ሁለት ቀን ሰቅለው ይተዉት። ጨርቅ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከዚያ ሰቅለው እንዳለ በእስፒል ያጥፉ፣ ራቅ ብለው ይዩት፣ ከዚያ ይስፉት። አማቴ ታቹን በእጅ ነው የምትጠቅመው፤ ስፌቱ ከፊት አይታይም፣ ሲዛወሩም በደቂቃ ይፈታል። እኔም ለሳሳ ጨርቅ የእሷን መንገድ እመርጣለሁ።

ለሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ እንግዳ የሚጠብቁ ከሆነ ሥራውን ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይጨርሱ፤ በክረምቱ ዝናብ የታጠበ መጋረጃ ቶሎ አይደርቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ሰፈር ውስጥ የስፌት መኪና ድምፅ ከተሰማ ጎረቤት ይመጣል፤ አንዷ ዚፑ የተበላሸ ዩኒፎርም፣ ሌላዋ የረዘመ ሱሪ ይዛ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገንዘብ አይቀበሉ እላለሁ። የሰፈሩን ሰው ያወቅኩት፣ ልጆቼም ጓደኛ ያገኙት በዚያ ነው። ቡና ላይ የሚጠሩንም እነዚያው ሰዎች ናቸው። ሥራው ሲበዛ ዋጋ መነጋገር ይቻላል፤ ያን ጊዜ ማንም ቅር አይለውም።